ውሉ የሚለው ሞት ነው

አከራዬን ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፤ ጋሼ እያልኩ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ አለኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌው ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። እንግዲህ እሱ እያልኩ ልቀጥል ነው፤ የከፋው ይክፋው።

ጾሬ፣ የስደተኞች መጠለያው መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው። ጠዋት ሰርቪስ ከአስፋልቱ ዳር ያነሳኛል፣ ማታ አቧራ ለብሼ ያወርደኛል። አሶሳ ውስጥ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የቤት ዋጋ ሌላ ነው። ድርጅት ውስጥ ትሠራለች ከተባለ ደላላው ይሽቆጠቆጣል፣ አከራዩ ፈገግ ይላል፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ባንድ ቀን ቪላ ይሆናል። ደመወዜን በዶላር የምቀበል የመሰላቸው ስንት ናቸው! በብር ነው፣ እሱም ወር ሳይሞላ ያልቃል ብላቸው ማን ሰምቶኝ።

ሰውየው የዓመቱን ኪራይ ባንዴ ካልከፈልሽ ቁልፍ አልሰጥም አለ። ቤቱን ወድጄው ነበር። ሁለት ክፍል ነው፣ የራሱ መጸዳጃ አለው፣ በረንዳው ፊት ለፊት ትልቅ ማንጎ ቆሟል፣ አጥሩ ቀርከሃ ነው። ለዓመታት ያጠራቀምኩትን አንስቼ ከፈልኩ። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው ባምባሲ አጠገብ ያሠፈሩት ገበሬ ነው። ስልክ ደውሎ «በውል ግቢ ልጄ፣ ያለ ውል የሰው ቤት አይገባም» አለኝ። ከቀዬው ያስነሱት በወረቀት ነው፤ እሱ ግን ዛሬም ወረቀት ያምናል።

ውሉን የጻፈልን ፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚውል ውል ጸሐፊ ነው። ሞተር ብስክሌት ይሸጥ፣ በሬ ይሸጥ፣ ቤት ይከራይ፣ ለሱ አንድ ነው፤ ስምና ቀን ይቀይራል። እኔና ሰውየው በርጩማ ላይ ተቀምጠን ጮክ ብሎ አነበበልን። «ተከራይ ውሉ ከማለቁ አስቀድሞ፣ በሞት ካልሆነ በቀር፣ ቤቱን ብትለቅ የከፈለችውን ኪራይ መጠየቅ አትችልም።» ሳቄ መጣ። «ከሞትኩማ ማን ሊጠይቅ ነው?» አልኩ። ውል ጸሐፊው አልሳቀም። ሰውየውም አልሳቀም፤ «ወራሽ» አለ ባጭሩ። ያኔ፣ በዚያች ቃል፣ ሰውየውን ማወቅ ነበረብኝ። ፈረምኩ።

በአራተኛው ወር እግሬ ማበጥ ጀመረ። ጫማዬ አልገባ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ያጥወለውለኛል፣ አፌ ውስጥ ሳንቲም የያዝኩ ይመስለኛል፣ ሰርቪሱ ውስጥ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ ጥዬ ነው የምሄደው። ፊቴ ሲያብጥ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አቤት ወፈርሽ! አሶሳ ተስማማሽ!» የድርጅት ምግብ ነው ይላል አንዱ፣ ወዳጅ አግኝታ ነው ይላል ሌላው። ማቅለሽለሹን ለነገርኩት ሰው ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ ጨጓራ። በዚህ አገር ጨጓራ ያልሆነ በሽታ የለም። ተልባ ጠጪ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር አድርገሽ ላሺ፣ በርበሬ ተዪ። ሁሉም ሐኪም ነው። «እስቲ ሐኪም ቤት ላድርስሽ» ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ብቻዬን ሄድኩ። ደም ሰጠሁ፣ ሽንት ሰጠሁ። ወጣቱ ሐኪም ውጤቱን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየና ተነሥቶ በሩን ዘጋው። በሩን ሲዘጋው ነው የገባኝ። «ሁለቱም ኩላሊቶችሽ ደክመዋል» አለኝ። «ሳትዘገዪ አዲስ አበባ ሄደሽ የኩላሊት እጥበት መጀመር አለብሽ።» ደሜን በመሣሪያ አውጥተው፣ አጥበው ይመልሱልኛል፤ በሳምንት ሁለቴ ወይም ሦስቴ፣ ኩላሊት የሚሰጠኝ ሰው እስኪገኝ ወይም ዕድሜዬ እስኪያልቅ። እስከዚያው ውሃ በልክ ነው። ልኩን በብርጭቆ አሳየኝ፤ በሚያዝያ፣ በአሶሳ ሙቀት! ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ማንጎ የሚባል እንዳትነኪ አለኝ። ማታ ቤቴ ተቀምጬ ማንጎው ቆርቆሮው ላይ እየወደቀ ሲፈነዳ እሰማለሁ፣ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። አልቅሼ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ የመጣብኝ ግን ንዴት ነው።

መሥሪያ ቤቴ አዘነልኝ። ኮንትራት ሠራተኛ ስለሆንኩ ኢንሹራንሱ አይመለከተኝም፤ ስለዚህ አዘነልኝ፣ አለቀ። አለቃዬ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «በጸሎት እናስብሻለን» አለኝ። እንኳን ነገረኝ፣ ጸሎቱም ኮንትራት ሠራተኛን የማይመለከት መስሎኝ ነበር።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ወረፋ ልትይዝልኝ ስትሯሯጥ ሰነበተች። አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ደወለች። ቦታ ተገኝቷል፤ ግን እስከ ሰኞ ሳምንት ድረስ ቀርቤ የመጀመሪያውን ክፍያ ካልከፈልኩ ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል። «ሌላ ቦታ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም» አለችኝና አለቀሰች። እኔ ደግሞ በዓለም ላይ የቀረኝ ገንዘብ ሰውየው ኪስ የገባው የስምንት ወር ኪራይ ነው። አባቴ በሬውን ልሽጥ አለኝ። እርሻ ሊገባ ሲል በሬውን የሸጠ ገበሬ ምን በልቶ ሊከርም ነው? እምቢ አልኩት። ልመና አልሄድኩ፣ ያልኖርኩበትን የራሴን ገንዘብ ልጠይቅ እንጂ!

በዚያው ቀን ከሥራ እንደተመለስኩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ወደሚጎራበተኝ ሰውዬ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የዕድር መዝገብ ያገላብጣል። የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚያስነፋው እሱ፣ ድንኳን የሚያስተክለው እሱ፣ ቀብር ላይ ከፊት የሚሄደው እሱ፣ «ሐዘንተኛ እንዲህ አይጣልም!» ብሎ የቀረውን የሚቀጣው እሱ። ደህና ሰው ነው ይሉታል። ለሞተ ሰው ደህና ነው፣ አልዋሽም።

ሁሉንም ነገርኩት። የሐኪሙን ወረቀት ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም፤ በሽታው ከወረቀቱ የሚጋባበት ይመስል እጁን ሰበሰበ። ዓይኑን መዝገቡ ላይ እንደተከለ፣

«ጨጓራ ይሆናል» አለ።

«ኩላሊት ነው ጋሼ። ሁለቱም።»

«ሐኪሞች ይሳሳታሉ።»

«ቢሳሳቱ ደስታዬ ነበር። ቤቱን ልለቅልዎ ነው። ያልኖርኩበትን ወር ይመልሱልኝ፤ መታከሚያዬ እሱ ነው። ሰኞ ሳምንት ካልደረስኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል።»

ተነሥቶ ገባና ውሉን ይዞ ወጣ፤ እንዴት ቶሎ አገኘው ባካችሁ! መነጽሩን አጠለቀ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አኖረ።

«ውሉ የሚለው ሞት ነው፣ ልጄ» አለኝ፤ በጣም በትሕትና። «በሽታ አይልም።»

«እንግዲህ ልሙትልዎታ?»

«ኧረ እግዜር ያውጣሽ! ምን ዓይነት ሟርት ነው!» አለና ውሉን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ክፉ ሰው ቢሆን በስንት ጣዕሙ። ክፉ ሰው ይጮኻል፣ ይጮኹበታል፣ ንዴቱ ይወጣል። ይሄኛው «ልጄ» እያለ ነው የሚገድለው። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋው ያቺ በትሕትና የታጠፈች ወረቀት ዓይኔ ላይ ቀረች።

በማግሥቱ ፈቃድ ወስጄ ወደ ውል ጸሐፊው ሄድኩ። ጃንጥላው ሥር ተቀምጦ ቆሎ ይበላል። «ያን ሞት የሚለውን ነገር ከየት አምጥተህ ነው የኔ ውል ላይ የከተትከው?» አልኩት። አሰበ፤ ትንሽም አላፈረም። «እሱማ የበሬ ሽያጭ ላይ ያለ ነው» አለኝ። «የተሸጠ በሬ በወሩ ውስጥ ቢሞት ገዢው ገንዘቡን ይጠይቃል፣ ካልሞተ ግን ከሳ፣ አልሳብ አለ ብሎ መመለስ የለም። ጥሩ አንቀጽ ስለሆነ ሁሉም ላይ አስገባዋለሁ።» በሬ ነኝ ማለት ነው። ከሳሁ፣ አልሳብ አልኩ፣ ካልሞትኩ መመለስ የለም። ከዚያ ደግሞ እጁን ከቆሎው ላይ አራግፎ «የክስ ማመልከቻ ልጻፍልሽ?» አለኝ። ክሱ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብለው «ከክረምቱ ወዲያ ይታይልሻል» አለ። ጥዬው ሄድኩ።

ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ሰውየው እኔን ማየት ተወ። ድሮ ጠዋት በር ላይ ከተገናኘን «እንዴት አደርሽ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ሙቀቱ እንዴት ነው» ይለኝ የነበረ ሰው፣ አሁን ስወጣ ካየኝ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ጫማው ክር የለውም፣ ሸበጥ ነው። ሚስቱም እንደዚያው ናት፤ ልብስ ስታሰጣ ብቅ ካልኩ እርጥቡን ልብስ ሳፋው ውስጥ ትታ ትገባለች። በመጀመሪያ ያፈሩ መስሎኝ ነበር፤ እኔ ሞኟ። ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የገባኝ።

በኛ ዘንድ የታመመ ሰው ይጠየቃል። ስኳር ይዞ ገብቶ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «እግዜር ይማርሽ» ያለኝ ሰው፣ ከዚያ ወጥቶ መታከሚያዋን አልሰጥም ቢል ሰው ምን ይለዋል? በየለቅሶው ከፊት የሚቀመጥ ሰው እንዴት አድርጎ ይቀመጣል? ስለዚህ ካልጠየቀኝ አልታመምኩም። ሳስመልስ በአንድ ግድግዳ እየሰማኝ አልሰማም። «እንዴት አደርሽ» እንኳ አይልም፤ «አሞኝ አደርኩ» ብለው ሰምቷል ይባላላ! እንዲህ ያለ ሒሳብ አእምሮው ውስጥ ሠርቶ ሌሊቱን ደህና የሚተኛ ሰው ነው። ሲያንኮራፋ እሰማው ነበር።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይላሉ። እሁድ የዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር፤ እኔም አባል ነኝ፣ መዋጮዬን አጓድዬ አላውቅም። ደንቡ ደግሞ የታመመን አባል ኮሚቴው ሄዶ ይጠይቃል ይላል። ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ሰው ከዕድሩ ቤት ግቢ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሯል፤ የወሎ ሰፋሪ አለ፣ የወለጋ ሰው አለ፣ የአገሬው በርታ አለ፣ መስቀል ያሰረውም ቆብ ያደረገውም ጎን ለጎን ነው። ከኋላቸው የድንኳኑ ብረት፣ የተደራረበው ድስት፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈው ቃሬዛ።

ሰውየው ከፊት ተቀምጦ ስም ጠራ፣ የቀሩትን ቀጣ። ከዚያ ካለፈው ለቅሶ የጠፋ ጭልፋ ጉዳይ ተነሣ። አንድ ጭልፋ! ማን ያዘው፣ ማን አጠበው፣ ማን አስረከበ እየተባለ ግማሽ ሰዓት አለፈ። እኔ በደረቀ ምላሴ ተቀምጬ አየኋቸው፤ እነዚህ ሰዎች ስሞት እንዴት አሳምረው እንደሚቀብሩኝ ታየኝና ናቅኳቸው። በመጨረሻ «ሌላ ጉዳይ ያለው አለ?» ሲባል እጄን አወጣሁ።

«የታመመች አባል አለች። በደንቡ መሠረት ትጠየቅ» አልኩ።

«ማን ናት?» አለ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ።

«እኔ።»

ሳቁ። «ጉድ ነው፣ ራሷን አስጠያቂ!» አለች አንዷ። ሰውየው ብቻ አልሳቀም። ጉሮሮውን ጠረገና በዚያችው ለስላሳ ድምፁ፣ «ደንቡ የሚለው የተኛ በሽተኛ ነው» አለ። «ልጃችን በእግሯ መጥታለች፣ ሥራ ትሄዳለች። እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናት።»

ያደረግኩትን ሳላውቀው ነው ያደረግኩት ብል ውሸቴን ነው፤ አሳምሬ አውቄ ነው። ተነሥቼ ወደ ግድግዳው ሄድኩ፣ ቃሬዛውን አውርጄ መሬት ላይ ዘረጋሁት፣ ነጠላዬን አስተካክዬ በጀርባዬ ተጋደምኩበት።

«ይኸው ተኛሁ ጋሼ» አልኩት። «አሁንስ እጠየቃለሁ ወይስ ገና ይቀረኛል?»

ሴቶቹ ጮኹ። «በስመ አብ!» አለች አንዷ፣ «አዑዙ ቢላህ!» አለች ሌላዋ፣ «በቁምሽ? ምነው ልጄ፣ በቁምሽ?» እያሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔ እውነቱን ልናገርና ተመቸኝ፤ ወገቤ ካረፈ ስንት ቀኑ።

ከኮሚቴው አንዱ ገበያ ላይ ጨው የሚቸረችር የበርታ ሽማግሌ ነው። አማርኛ በሥራ የለመደው ነውና ቃል አያባክንም። መጣ፣ አጠገቤ ቁጢጥ አለ፣ «አብሽሪ» አለኝና ቀሚሴን ከቁርጭምጭሚቴ ትንሽ ገለጥ አድርጎ አውራ ጣቱን ቅልጥሜ ላይ ተጫነ። ጣቱን ሲያነሣ ሥጋዬ ላይ ጉድጓድ ቀረ፤ አልተመለሰም። ለሁሉም አሳያቸው።

«እዩ» አለ። «ገባ፣ አልወጣም። የኔ ወንድም እንዲህ ሆነ፣ ሞተ። ይሄ ልጅ መሪድ ነው፣ በሽተኛ ነው። ዛሬ እንሄዳለን። ኸላስ።»

አሥር ሰዓት ላይ ኮሚቴው ቤቴ ነበር። ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ጁስና ብርቱካን ይዘው መጡ፤ ሐኪሙ እንዳትነኪ ያለኝን ሁሉ ቆጥረው ያመጡት ነው የሚመስለው። ሰውየው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ጣሪያውን ያያል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ምስማር መትቼ እንደሆነ ይፈልጋል መሰለኝ። ወደ እኔ ግን አያይም። ሽማግሌው «ብር ትመልሳለህ?» ብሎ በቀጥታ ጠየቀው። ደጅ ሰው ቆሞ ይሰማል። ሰውየው ሳያመነታ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ገንዘብ ምን ይሆናል፣ ወንድሞቼ! ጤና ይቅደም እንጂ!» አለና መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ ደግነቱን ሲያወራ ዋለ። ለካ ደግ ሰው ጎን ነው የምኖረው።

በዚያው ዕለት ማታ ብቻውን መጣ፤ በሩ ላይ ቆመ፣ አልገባም።

«የተናገርኩትን አላጥፍም» አለ። «ግን ገንዘቡን ለሌላው ቤት ቆርቆሮ ገዝቼበታለሁ። አዲስ ተከራይ ይምጣና ከሚከፍለው ላይ ትወስጃለሽ። ደላላውን ልኬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ታምሜ ነው የምለቀው እንዳትይ።»

«ለምን?»

«ቤቱ ገደ ቢስ ነው ይባላላ። የገባበት ይታመማል ይባላል። ማን ይገባበታል?»

«ቃሬዛ ላይ ስተኛ ሰፈሩ በሙሉ አይቶኝ የለም እንዴ ጋሼ?»

«ሰፈሩ ቤት አለው። የሚከራየው እንግዳ ነው። ዝውውር በይ። አዲስ አበባ ተዛወርኩ በይ። መሄድሽ መቼ ውሸት ሆነ?»

አየሁት። እንዲህ አድርጌ ሰው ንቄ አላውቅም፤ ከፀጉሩ እስከ ሸበጡ ናቅኩት። ጨው ሻጩን ሽማግሌ ጠርቼ ላዋርደው እችል ነበር። ግን ቆርቆሮ የሆነን ገንዘብ ውርደት ብር አያደርገውም፣ ሰኞም ሰባት ቀን ቀርቶታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። «እሺ» አልኩት።

ሐሙስ ደላላው ሰው ይዞ እንደሚመጣ ተነገረኝ፤ ከፓዌ የመጡ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፣ ባልየው መምህር ሆኖ አሶሳ ተመድቧል። ከመምጣታቸው በፊት የሰውየው ሚስት ቤቴ ገባች። ከታመምኩ ወዲህ ደጄን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። እንዴት ነሽ አላለችኝም። መድኃኒቶቼን ከመስኮቱ ደፍ ላይ ለቅማ ዱቄት ጣሳዬ ውስጥ ከተተች፣ የሐኪሙን ወረቀት ፍራሽ ሥር አስገባች፣ የማስመለስበትን ባልዲ ይዛ ወጣች፣ መስኮቶቹን ከፈተች። እጇ እንዴት ይፈጥናል! እኔ ያበጠው እግሬ እንዳይታይ በዚያ ሙቀት ካልሲ አጠለቅኩ፣ ረጅሙን ቀሚሴን ለበስኩ፣ ዓይኔን ተኳልኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ከንፈሬን ቅባት ስቀባ ራሴን ታዘብኩት።

ልጅቷ ሃያ ሁለት ቢሆናት ነው። ባልየው ደጅ ከሰውየው ጋር ሲነጋገር እሷ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ዞረች። ቧንቧውን ከፍታ ውሃው ሲመጣ ሳቀች። እህል ቤት እንደገባች ጫጩት ሁሉን ትነካለች፣ ትጠይቃለች። አይጥ አለ? ጎረቤት እንዴት ነው? ባለቤቶቹ ሰላም ናቸው? «እንዲህ ያሉ ሰዎች አይገኙም» አልኳት። «ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲሞት ከፊት ናቸው።» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አልተደናቀፈም። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማኛል፤ እሱ እንኳ እንዲህ አድርጎ ራሱን አያወድስም።

«እንዲህ ያለ ቤት መተው እንዴት ያስችልሻል እትዬ? ለምንድን ነው የምትለቂው?» አለችኝ።

«ዝውውር ደርሶኝ ነው። አዲስ አበባ።»

«አዲስ አበባ! ታድለሽ!»

ባልየው የዓመቱን ኪራይ ለሰውየው ሰጠ። ሰውየው «የእህታችንን ቀሪ ከዚሁ ላይ ላድርስላት» ብሎ የኔን ለየና እጁን ዘረጋ። እኔም እጄን ልዘረጋ ስል ልጅቷ ሁለቱንም እጆቼን ያዘቻቸው። ዓይኗ ያበራል። ከልጅነቷ ጀምሮ አዲስ አበባ መኖር እንደምትመኝ፣ ባሏ ወደፊት ዝውውር እንደሚጠይቅ ባንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

«እኔንም እንዳንቺ ያድርገኝ እትዬ» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ምኞት አየር ላይ አይተውም። አሜን ካልተባለ ምቀኝነት ነው፣ ሟርት ነው፤ ያልሰማ ሰው እንኳ አፉ ይለዋል። እጄን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። የሰውየው እጅ ብሩን እንደያዘ መሃል ላይ ቆሟል። ክፉ አይንካሽ ማለት እችል ነበር። አይ፣ እንደኔስ አያድርግሽ ማለት እችል ነበር፤ ለምን ትለኛለች፣ ምክንያቱን እነግራታለሁ፣ ባሏን ይዛ ትወጣለች። ሰኞ አራት ቀን ነው የቀረው።

«አሜን» አልኩ።

«አሜን፣ አሜን» አለ ሰውየውም፣ ከልቡ፣ ያፈነውን ትንፋሽ እየለቀቀ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከስንት ቀን በኋላ ዓይን ለዓይን ተያየን። የሚያፍር ዓይን አልነበረም፤ ሥራ አብሮት የጨረሰን ሰው እንደሚያዩት ነው ያየኝ። ብሩን እጄ ላይ አኖረልኝ። አፌ አመለጠኝ ብል ደስ ባለኝ፤ አላመለጠኝም፣ አስቤ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ በአውሮፕላን ሄድኩ፤ ሰኞ ጠዋት እህቴ ክንዴን ይዛኝ ቦታዬ ላይ ተገኘሁ። ይኸው እስከ ዛሬ በሳምንት ሁለት ቀን መሣሪያው አጠገብ አራት ሰዓት እተኛለሁ። ጎረቤቶቼ፣ እንደኔው ደማቸው በላስቲክ ቱቦ የሚዞር ሰዎች፣ ጊዜው እንዲሄድላቸው አጫውቺን ይሉኛል። ስለ ሰውየው አወራላቸዋለሁ። እንዳሻኝ እሰድበዋለሁ፣ እያስመሰልኩ አወራዋለሁ፣ ነርሷ ሳትቀር ትስቃለች። ሐሙስ ላይ ስደርስ ግን አቆማለሁ።

«ከዚያስ? ቤቱንስ ማን ገባበት?» ይሉኛል።

«ሰው ገባበት» እላለሁ። ደከመኝ ብዬ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ እስባለሁ።